ስለ ምሳሌና ስለ ማስመሰል

«መሰለ» ከሚለው ከአንዱ ግሥ ብዙ ቃላት ተወልደዋል። ምሳሌ፣ ምስል፣ አምሳል፣ ማስመሰል፣ አስመሳይ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በክብር ግን እኩል አይደሉም። በምሳሌ የሚናገር ሰው አስተዋይ ይባላል፤ በምግባሩ ለሌሎች ምሳሌ የሆነም ይመሰገናል። አስመሳይ የተባለ ሰው ግን ቃሉ አይታመንም፤ ያወቀው ሁሉ ይሸሸዋል። ሁለቱም የሚያደርጉት ነገር ከውጭ ሲታይ አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም የራቀውን እንደ ቀረበ፣ በእጅ የሌለውንም በእጅ እንዳለ አድርጎ ማሳየት ነው። ታዲያ ምሳሌው የሚያልቅበት፣ ማስመሰሉም የሚጀምርበት ድንበር ወዴት ነው?

ይህን ጥያቄ በታላላቅ ነገሮች ላይ መመርመር የተለመደ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በአንዲት ትንሽ የእጅ ሥራ ላይ፣ ይኸውም ከእንጨት ለሚሠራ የመርከብ አምሳል ሸራ በመስፋትና ገመድ በመወጠር ሥራ ላይ ልንመረምረው አስበናል። ትንሽ ነገር በእጅ ይዞ ለማገላበጥ ይመቻል፤ ከዚያ የተገኘውም ትምህርት ወደ ትልቁ ነገር ለመሻገር አያስቸግርም።

መርከብን ከደጋ ሰው ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ የምንኖርበት የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ነው። ነፋስ ስልክ የሚለውን ስም ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ቴሌግራፍ ነው፤ ቃል ያለ ሽቦ በአየር ላይ መሄዱን የሰማው ሕዝብ የነፋስ ስልክ አለው፤ ሠፈሩም በዚያው ተጠራ። በለቡ በኩል ያለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የአዲስ አበባ መንገደኞች የሚሳፈሩበት ነው። ከዚያ እስከ ባሕሩ ያለው የሐዲድ መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በግንቦት 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ተወልደው በሠፈራችን ካደጉት ወጣቶች መካከል ሸራ ተዘርግቶ ነፋስ ሲሞላው በዐይኑ ያየ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም። በወደብ ከተማ ላደገ ልጅ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠች የመርከብ አምሳል ያየውን የምታስታውሰው ናት። ለኛ ሠፈር ልጅ ግን መርከብ ማለት እርስዋ ብቻ ናት።

ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በምጽዋ ወደብ ያደገ ሰው ያለ ቦታው የታሰረ ገመድ ቢያይ ይሥቃል፤ ያርማልም። የኛ ሠፈር ልጅ ግን የተሰጠውን ይቀበላል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ትክክል የሚሆነው ንጋቱን የሚያይ ዐይን ባለበት ስፍራ ነው። የሚያመሳክር በሌለበት ስፍራ ግን ስሕተት እያደር ሥር ይሰድዳል።

በጥንት ዘመን በራሳችን ባሕር መርከቦች ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው አዱሊስ በምትገኝበት ባሕር ይመላለሱ የነበሩት መርከቦች ሳንቃቸው የሚያያዘው በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ ተሰፍቶ ነበር። ነገሩን ከሩቅ የሰሙ ሰዎች ምክንያቱን ሲናገሩ፣ በዚያ ባሕር ውስጥ ብረትን የሚስቡ ዐለቶች ስላሉ ነው ይሉ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ግን ይህን ወሬ አልተቀበለም። ብዙ ብረት ያለባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር ሲሄዱ አንዳች አይደርስባቸውም ሲል መለሰ፤ መርከቦቹ የተሰፉት በአካባቢው ብረት ስለሌለና ሮማውያንም ብረት እንዳይሸጥላቸው በሕግ ስለ ከለከሉ መሆኑን ጻፈ። የዐለቱ ተረት ያማረ ነበር፤ ሰሚዎቹም ባሕሩን ስላላዩ የሚቃወሙበት ምክንያት አልነበራቸውም። ተረቱን ሊያናጋው የቻለው ነገሩን ከሌላ ከሚታወቅ ነገር ጋር አስተያይቶ የጠየቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በቀይ ባሕር ላይ ብዙ ዘመን ያገለገለችውን ሳምቡክ የተባለችውን ባለ ሸራ ጀልባ እንውሰድ። ርዝመትዋ 16 ሜትር የሆነች ሳምቡክ አርባ ጊዜ አንሳ ብትሠራ 40 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። አካልዋ ከዋንዛ ይቀረጻል። ሸራውን የሚሸከመው ምሰሶ፣ ማለት ደቀሉ፣ እንዲሁም ሸራው የሚንጠለጠልበት ረጅም አግዳሚ እንጨት ከቀርከሃ ይላጋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ለአርባ ሲካፈል እሺ ብሎ ይታዘዛል።

ሸራው ላይ ሲደረስ ግን ሒሳቡ እምቢ ይላል። የእውነተኛው ሸራ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በአምሳሉ ላይ የሚሊ ሜትር አርባኛ እጅ መሆን ይገባዋል። ለሸሚዝ የሚሆነው ስስ ጥጥ እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ነጠላ ቢሞከር ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ነገር ግን ድርና ማጉ ተራርቆ ስለሚታይ፣ በመርከብዋ ልክ ሲታሰብ እያንዳንዱ ፈትል ገመድ ያህል ይሆናል። ስፌቱም እንዲሁ ነው። ትልቁ ሸራ ጠባብ ከሆኑ ጨርቆች ተገጣጥሞ ይሰፋል። የአንዱ ጨርቅ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በአምሳሉ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናልና ይህን ማድረግ ይቻላል። የመርፌው እርምጃ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በአምሳሉ ላይ የሚሊ ሜትር ሩብ መሆን አለበት፤ ይህን ያህል አጥብቦ የሚሰፋ እጅ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ሠሪዎች መርፌውን ትተው የመጋጠሚያውን መስመር በቀጭን እርሳስ ያሰምሩታል። ነጩን ጨርቅ ፀሐይና ጨው የጎበኘው እንዲመስል በሻይ ውኃ ይነክሩታል። ገመድ የሚሆነውንም ክር፣ ፀጉሩ እንዲተኛ፣ እንደ ጧፍ ክር በሰም ያሹታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የተጠቀለለው ሸራ ነው። መርከብ ወደብ ገብታ ስትቆም ሸራው በአግዳሚው እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ሠሪው ሸራውን በሙሉ ልኩ ቆርጦ ቢጠቀልለው፣ ጨርቁ ከመጠን በላይ ወፍራም ስለ ሆነ፣ በቀጭኑ እንጨት ላይ እንደ ተጠቀለለ ፍራሽ ይቈለላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የሚጠቀለለውን ሸራ ቁመቱን ግማሽ ወይም ሲሶ ብቻ አድርገው ይቆርጡታል። ሲጠቀለልና ሲታሰር ልክ እንደ እውነተኛው ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ ሲሶ ሸራ አስሮ ሙሉ ሸራ እንደ ታሰረ አድርጎ ማሳየት ምሳሌ ነው ወይስ ማስመሰል? ጥብቅ የሆነ ሰው፣ ከልኩ የጎደለ ሁሉ ሐሰት ነው ይላል። ልል የሆነ ሰው ደግሞ፣ ዐይን ከተደሰተ ምን ቸገረ ይላል። ሁለቱም አሳባቸው እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ወደ አንድ ገደል ይወስዳቸዋል። ጥብቁ ሰው ልኩን ጠብቆ የፍራሽ ጥቅል የተሸከመች መርከብ ያሳየናል፤ በመለኪያው እውነተኛ ሆኖ በመርከብዋ ላይ ይዋሻል። ልሉ ሰው ደግሞ ዛሬ ሸራውን ያሳጥራል፤ ነገ ገመዱን ከምንም ጋር ሳያያይዝ በሙጫ ይለጥፋል፤ ከነገ ወዲያም መርከብዋ ምን እንደ ነበረች ራሱም ይረሳል።

እኛ የምናቀርበው መለያ ከሁለቱም የተለየ ነው። የሥራው ምስጢር ለተመልካቹ ቢነገረው ምን ይሆናል ብለን እንጠይቅ። የተጠቀለለው ሸራ ሲሶ ብቻ መሆኑንና ምክንያቱን ለአንድ ልጅ ብንነግረው፣ ልጁ ስለ መርከብ የሚያውቀው ነገር ይጨምራል። ጨርቅ እንደ እንጨት ሊያንስ እንደማይችል፣ እውነተኛው ሸራም ሲጠቀለል ምን ያህል ጠባብ ሆኖ እንደሚታሰር ይረዳል። በእርሳስ የተሰመረው መስመር የስፌት ምልክት መሆኑን ብንነግረውም፣ ትልቁ ሸራ ከብዙ ጨርቅ ተገጣጥሞ መሰፋቱን ይማራል። ገመዱ ከምንም ጋር ሳይያያዝ የተለጠፈ መሆኑን የነገርነው እንደ ሆነ ግን የሚጨምርለት እውቀት የለም፤ እስካሁን ያመነውም ይፈርስበታል። እንግዲህ ምስጢሩ ሲገለጥ የሚጠነክረው ምሳሌ ነው፤ ምስጢሩ ሲገለጥ የሚፈርሰው ማስመሰል ነው ለማለት ይቻላል። ሰምና ወርቅ ያለበት ቅኔ የማያሳፍረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይወጣል፤ ሰሚውም ከመፈታቱ በፊት ይልቅ ከተፈታ በኋላ ይደሰታል።

በእንግሊዝ አገር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለባሕር ኃይሉ ሹማምንት ይሠሩ ከነበሩት የመርከብ አምሳሎች ብዙዎቹ የታችኛው ጎናቸው ሳንቃ ሳይለብስ ይተው ነበር። ይህም የውስጥ አጥንታቸው እንዲታይ ያደርግ ነበር። ያልተሸፈነው ጎን ጉድለት ሳይሆን ለሚመረምረው ሰው የተከፈተ በር ነው።

ነገር ግን ሌላም የሚመረመር ነገር አለ። በአምሳል ላይ ነፋስ የለም። ሆኖም እያንዳንዱ ገመድ የሚታዘዘው ይህንኑ የሌለ ነፋስ ነው። የሳምቡክዋ ሸራ ወደ ቀኝ ተነፍቶ እንደ ሆነ ነፋሱ ከግራ መጥቷል ማለት ነው። ነፋሱ ከግራ ከመጣ፣ ደቀሉን የሚደግፉት ገመዶች በግራ በኩል ተወጥረው መታሰር ይገባቸዋል፤ የሳምቡክ መርከበኞች የነፋሱ ወገን ሲለወጥ እነዚህን ገመዶች ወደ ነፋሱ ወገን ያዛውሯቸዋልና። በደቀሉ ጫፍ ያለው ባንዲራም እንደ ሸራው ወደ ቀኝ መውለብለብ አለበት። ስለዚህ ሠሪው የመጀመሪያውን ገመድ ከማሰሩ በፊት ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ መወሰን አለበት፤ ከወሰነም በኋላ በአንዲት ክር እንኳ ውሳኔውን ሊያፈርስ አይገባውም።

በመርከብ አምሳሎች ላይ የሚታይ አንድ የታወቀ ስሕተት አለ። ሸራው ከኋላ በመጣ ነፋስ ወደ ፊት ተነፍቶ ሳለ ባንዲራው ወደ ኋላ ይውለበለባል። ይህ ለዐይን ያምራል፤ መርከብዋ ወደ ፊት ስትገሰግስ ባንዲራው ወደ ኋላ የሚቀር ይመስላልና። ነገር ግን ሸራዋን ከኋላ የሚገፋት ነፋስ ከርስዋ ይልቅ ይፈጥናል፤ ባንዲራውንም ወደ ፊት ይወስደዋል። በአንዲት መርከብ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ነፋስ አይነፍስም።

የጥንት የግብፅ አናጢዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው መኬትሬ የተባለ ሹም በተዘጋጀለት መቃብር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920 ብዙ የእንጨት አምሳሎች ተገኝተዋል፤ ከነዚህም መካከል ጀልባዎች አሉ። በዓባይ ላይ ውኃው ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ነፋሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ሽቅብ የሚሄደው ጀልባ ደቀሉን አቁሞ በሸራ፣ ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ ደቀሉን አስተኝቶ በመቅዘፊያ ሲሄድ ተሠርቶ ይታያል። እነዚህ አናጢዎች የሚሠሩት በጨለማ ክፍል ተዘግቶበት ሕያው ሰው ዳግመኛ እንዳያየው ለታሰበ ዕቃ ነበር። ቢሆንም ከኢትዮጵያ ተራሮች ለሚወርደው ውኃና ከሰሜን ለሚመጣው ነፋስ ታማኞች ሆነው ሠሩ። ተመልካች በሌለበት ስፍራ ሥራቸውን የዳኘው ያው የማይታየው ነፋስ ነው።

አሁን ከትንሹ ነገር ወደ ትልቁ እንሻገር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ የምንሠራው አምሳል መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። ካርታ የምድር አምሳል ነው። የሒሳብ መዝገብ የገንዘብ አምሳል ነው። ከወረዳ ተነሥቶ በየደረጃው እያለፈ ወደ ሚኒስቴር የሚደርሰው ሪፖርት የሕዝቡ ኑሮ አምሳል ነው። በሪፖርቱ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ የሚሰጠው ኀላፊ ጕድጓዱን አላየም፤ ውኃውንም አልቀመሰም። ከጠረጴዛው ላይ ያለችው ወረቀት ለርሱ፣ ባሕር አይቶ ለማያውቀው ልጅ የመርከብዋ አምሳል እንደ ሆነችለት ናት። በሌላው በኩል ደግሞ ማሳው በወረቀት ላይ በመስመር የተከበበለት ገበሬ፣ ያ መስመር የርሱን ድንበር ይሁን የጎረቤቱን ለማመሳከር ሁልጊዜ አይችልም። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም በመካከል የተቀመጠውን ጸሐፊ ከማመን በቀር ምርጫ የላቸውም።

ሪፖርት ሁሉን ነገር ሊይዝ አይችልም። የሺህ ሰዎች ኑሮ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ የአንድ ዓመት ድካምም በአንድ ገጽ ይታሰራል። ይህ የተጠቀለለው ሸራ ነው፤ ነውር የለበትም። እንዴት እንደ ተጠቃለለና ምን እንደ ተተወ ሲጠየቅ የሚያስረዳ ጸሐፊ አንባቢውን ይበልጥ ያሳውቃል። ነገር ግን በአንዱ ዐምድ ጤና ጣቢያው በወሩ ውስጥ ብዙ መቶ ሕሙማንን አከመ ተብሎ፣ በሌላው ዐምድ ለመድኃኒት የወጣ አንዳች ነገር ካልታየ፣ ወይም የውኃ ጕድጓዱ ለሕዝቡ አገልግሎት መስጠት ጀመረ ተብሎ ፓምፑ ገና በመጋዘን እንዳለ ከተመዘገበ፣ ሸራው ወደ ፊት ተነፍቶ ባንዲራው ወደ ኋላ እየተውለበለበ ነው። አስተዋይ አንባቢ ሁለቱን ዐምዶች አስተያይቶ ነፋሱ ከወዴት ነው ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ብልህ አስመሳይ ሸራውንም ባንዲራውንም ገመዱንም አስማምቶ ሊሠራ ይችላል፤ የመድኃኒቱን ዐምድም ከሕሙማኑ ዐምድ ጋር ያመሳስለዋል፤ ታዲያ ከዚህ ምን ያድናል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት ነው። የአካላቱ መስማማት ብቻውን የነገሩን እውነተኛነት አያረጋግጥም። አለመስማማቱ ሐሰቱን ያጋልጣል፤ መስማማቱ ግን ገና ምስክር ይፈልጋል። ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያይ ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ሆኖም ተቆጣጣሪ በሁሉ ስፍራ ሊገኝ አይችልም። እርሱ በማይደርስበት ስፍራ የሚቀረው ዳኛ የሠሪው ኅሊና ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ሕግ ይወጣል፤ የተመልካቹ የማመሳከር ችሎታ ባነሰ መጠን የሠሪው ኀላፊነት በዚያው መጠን ይበዛል። ብዙ ሰው የሚያስበው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የሚያውቅብኝ ከሌለ ግዴታዬ ይቀልልኛል ይላል። የሚያውቅበት በሌለበት ጊዜ ግን እውነቱን የሚሸከም ሌላ ሰው ስለማይኖር ሸክሙ በሙሉ በርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ይህ ሕግ ዋጋ ያስከፍላል። ወደ ኋላ የሚውለበለበው ባንዲራ ይበልጥ ያምራል፤ ምስጋናም ያመጣል። የተሞሉ ዐምዶች ያሉት ሪፖርትም ባዶ ዐምዱን እንደ ባዶ ካሳየው ሪፖርት ይልቅ በስብሰባ ላይ ይጨበጨብለታል። በእውነት የሠራው ሰው ምሽቱን በክር ላይ አጎንብሶ ያሳልፋል፤ ልዩነቱን አይቶ የሚያመሰግነው ግን አያገኝም። ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም፤ እውነት ሁልጊዜ ወዲያው ይከፍላል ብሎ የሚያስተምር ሰው ራሱ ያማረ አምሳል እየሠራ ነው።

ነገር ግን በሌላው ሚዛን ላይ ያለውንም ማየት ያስፈልጋል። በሠፈራችን ያለው ልጅ አንድ ቀን በለቡ በኩል በባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ይደርስ ይሆናል። በዚያም ባለ ሸራ ጀልባ በእውነተኛ ነፋስ ስትሄድ ያያል። አምሳሉ በታማኝነት የተሠራለት ልጅ ገመዱን በገመዱ እየለየ፣ ነፋሱ ከግራ ነው ብሎ ለጓደኛው ያስረዳል፤ ባሕሩ እንግዳ አይሆንበትም። የተታለለው ልጅ ግን በመርከብዋ ብቻ ተታልሎ አይቀርም። ያን ሰዓት፣ ካርታውስ፣ መጽሐፉስ፣ የመምህሬ ቃልስ እንዴት ይሆን እያለ የተማረውን ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠራጠራል። ሕዝብም እንደዚሁ ነው። አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ያለውን ጕድጓድ በምድር ላይ ፈልጎ ያጣ ሕዝብ፣ በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛው ጕድጓድ ተቈፍሯል ቢባል አያምንም። የጠፋውን ገንዘብ በሌላ በጀት መተካት ይቻል ይሆናል፤ የጠፋውን እምነት ግን የሚተካ በጀት የለም።

ስለዚህ የመርከብ አምሳል የሚሠራ ሰው ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። መጀመሪያ እውነተኛዋን መርከብ በሚቻለው መንገድ ሁሉ መርምሮ ይወቅ። ሁለተኛ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ወስኖ ሸራውንም ባንዲራውንም ገመዱንም ለዚያ ለአንዱ ነፋስ ያስገዛ። ሦስተኛ፣ ያሳጠረውንና የተወውን ለጠየቀው ሁሉ ሳያፍር ለመንገር የተዘጋጀ ይሁን። ብዕር ይዞ በመንግሥት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰውም ከዚህ የተለየ ግዴታ የለበትም፤ እርሱ የሚሠራውን አምሳል የሚያየው ሕዝብ ግን ከአንድ ሠፈር ልጆች ይበዛል።